ከገጽ ላይ የሚሸት ወጥ

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ሰሞን አንድ ልብ ወለድ ሳነብ ዶሮ ወጥ ከሚሠራበት ገጽ ደረስሁና አፌ ምራቅ ሞላ፤ ገጹንም ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ታላቅ ወንድሜ ግን «ደራሲው ገጽ ለመሙላት ነው» ይላል። እኔም በጀመርሁት አጭር ልብ ወለድ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ገበያ አሳ «እጅግ ጣፋጭ» ብዬ ብገልጸው ምንም አልጥም አለኝ። ምክንያቱ ምን ይሆን?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምራቅዎ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2006 እ.ኤ.አ. በስፔን የተደረገ የአንጎል ምስል ጥናት፣ እንደ ቀረፋ ያሉ ጠንካራ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ስም ማንበብ ብቻውን ሽታን የሚቀበለውን የአንጎል ክፍል እንደሚያነቃ አሳይቷል። «ጣፋጭ» የሚለው ቃል ግን ሽታ የለውም፤ ኮረሪማ አለው፣ የተነጠረ ቅቤም አለው። ደራሲው ቀይ ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው በደረቁ ሲቁላላ፣ ውኃው መጥጦ ሲያልቅ፣ በርበሬው ሲገባና ደጅ ያለው ልጅ ሲያስነጥስ ካሳየን፣ ጣዕሙን እኛው ከእናታችን ጓዳ አምጥተን እንጨምርበታለን። ደስታውም የሚመጣው ከዚህ የጋራ ሥራ ይመስለኛል፤ በጾም ላይ ያለ አንባቢ ደግሞ ከማንም በላይ አብሮ ይሠራል።

ወንድምዎን በአክብሮት እቃወማለሁ። ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ ይቀመጣል። እናት ይህንኑ ብልት፣ ባሏ እያየ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ለተመለሰ ልጇ ብታወጣለት፣ በዚያ ቤት ስላለው ቂምና ናፍቆት አንድም ቃል መናገር ሳያስፈልግ አንባቢ ሁሉን ይረዳል። እንዲህ ያለውን ገጽ ትርፍ ነው ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ወደ አሳዎ ልመለስ። አንድ ማለዳ ሐይቁ ዳር ይቀመጡና ገና ሳይበሉ ይመልከቱ፤ ቆሮሶው ከጀልባ ሲወርድ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች የሚጣለውን የሆድ ዕቃ ሲጠብቁ፣ ዳጣው መጀመሪያ ከንፈርን ከዚያም ጉሮሮን ሲያቃጥል። ከሁሉም በላይ ግን የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ ይወስኑ። ራሱ ሳይቀምስ እሾሁን እየለቀመ ለልጁ የሚያጎርስ አባት ከሆነ፣ ጣቶቹን ብቻ ተከትለው ይጻፉ፤ ጉርሻው የልጁ አፍ እስኪደርስም ስለ አሳው ጣዕም ምንም አይበሉ።