«ሐረር» 3 ፊደል ነው ወይስ 9?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀፊራ ላለ የጨርቅ ሱቅ በሲ ቋንቋ ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም ጻፍኩ። ኢንቴል ላፕቶፔ ላይ ቴስቶቹ (ፕሮግራሙን የሚፈትሹት ሙከራዎች) በሙሉ ያልፋሉ። ሱቁ ያስቀመጥኩት ራስቤሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ግን ፊደል የሚቆጥረው ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ለ«ሐረር» 3 ማለት ሲገባው 9 ይላል። ሌላ አንድ ቴስት ደግሞ ቀትር ላይ ብቻ ጊዜ ያልፍበታል። የድሬ ሙቀት ይሆን? ኮዱን አያይዣለሁ።
ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቀትሩን ሙቀት ነው ብትል አልከራከርህም። ፓይ ውስጡ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋን ግጠምለት።

9ኙን ግን ሙቀት አላመጣውም። ሙቀት ያወከው ማሽን ጧት ማታ አንድ ዓይነት ስህተት አይደጋግምም። እኔም እዚህ ሐረር በዚሁ ነገር ሁለት ሌሊት ኤስዲ ካርድ ስቀያይር አድሬያለሁና ድካምህ ይገባኛል።

ኮድህ ውስጥ «ባይቱ ከ-64 ካነሰ ዝለለው» የምትል መስመር አለች። ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር (በባይት) በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ደንብ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሐ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 144 ነው። ኢንቴል ላይ ጂሲሲ (ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር) አንድ ባይት የሚይዘውን የሲ ዓይነት «ቻር»ን ኔጌቲቭም እንዲይዝ ስለሚያደርገው እነዚሁ ባይቶች -31፣ -120 እና -112 ሆነው ይነበባሉ። ሁለቱ ተከታዮች ይዘለሉና ፊደሉ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ፓይህ ግን ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሳይሆን አርም ነው፤ አርም ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ቻር» ከ0 እስከ 255 ነው፤ ከ-64 የሚያንስ ባይት ከቶ አይገኝም። ስለዚህ 9ኙም ባይት ተቆጠረ። የሲ ደንብ ምርጫውን ለኮምፓይለሩ ስለተወው ሁለቱም ማሽኖች አልተሳሳቱም።

ለማረጋገጥ ሱቁ ድረስ መሄድ የለብህም። ላፕቶፕህ ላይ «ቻር»ን ኔጌቲቭ አልባ የሚያደርገውን የጂሲሲ አማራጭ ሰጥተህ ቴስቱን አስኪደው፤ እዚያው 9 ይልሃል። ፓይ ላይ ስትገነባም ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎችን ክፈት። ያቺ ንጽጽር መቼም እውነት እንደማትሆን ኮምፓይለሩ ራሱ ይነግርሃል።

በኮምፓይለር አማራጭ ሸፍነህ እንዳታልፈው አደራ። ባይቱን የሚይዘውን ተለዋዋጭ «አንሳይንድ ቻር» (ኔጌቲቭ የማይይዝ ቻር) አድርገውና ከ128 እስከ 191 ያለውን ባይት ዝለል። ያኔ ሁለቱም ጋ 3 ይመጣል።

ቴስትህ ላይ «ሐረር»ን በራሳችን ፊደል መጻፍህ ደስ አሰኝቶኛል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ጽፈኸው ቢሆን ሁለቱም ማሽኖች 5 ብለው ያልፉ ነበር፤ ስህተቱን የሚያገኘው ስሟ ደረሰኙ ላይ ተቆርጦ የወጣባት ደንበኛ ትሆን ነበር።