ስለ ፔይዴይ ብድር ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ስለ ፔይዴይ ብድር፣ ማለትም ደሞዝ እስኪደርስ ተብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወሰደው አነስተኛ ብድር፣ ጠይቃችሁኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለ100 ዶላር 15 ዶላር ብቻ ነው የሚጠይቁት። ይሄ ምኑ አራጣ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 15 ዶላሯ የሁለት ሳምንት ናት። በዓመት ስትሰላ 390 በመቶ ገደማ ትሆናለች። ይበልጥ የሚያሰምጠው ግን ማራዘሙ ነው። 300 ዶላር ወሰድክ እንበል። በሁለት ሳምንቱ 345 ትመልሳለህ። እሱን ከከፈልክ የቤት ኪራይ ይጎድልሃል። ስለዚህ 45ቷን ብቻ ከፍለህ ታራዝማለህ። አራት ጊዜ ካራዘምክ 180 ዶላር ከኪስህ ወጥቷል፤ 300ው ግን አሁንም እንዳለ ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ከ10 ፔይዴይ ብድሮች 8ቱ በ14 ቀን ውስጥ ይራዘማሉ ወይም በሌላ ብድር ይተካሉ። ንግዱ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ እህቴ ዳላስ ናት። ሕጉ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በ2006 በወጣ የፌዴራል ሕግ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ለሚወስዱት ብድር በዓመት የ36 በመቶ የወለድ ጣሪያ አላቸው። ለሌላው ሰው የሚወስነው ስቴቱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጣሪያው 24 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ለአነስተኛ ብድር 36 በመቶ ወለድና የተገደበ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ትፈቅዳለች። ዳላስ ያለችበት ቴክሳስ ግን ሌላ ነው። የፔይዴይ ሱቁ ራሱን አበዳሪ ሳይሆን ተበዳሪን ከሌላ አበዳሪ ጋር አገናኝ አድርጎ ይመዘገባል። ወለዱ ትንሽ ነው፤ የአገናኝነቱ ክፍያ ግን ጣሪያ የለውም። ዳላስ በ2011 የራሷን ደንብ አውጥታ ብድሩ ከወር ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክላለች። እህትዎ ይህን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሕግ ቢወጣም መውጫ ቀዳዳ አያጡም፤ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ኦሃዮ ላይ የሆነው ይሄው ነው። በ2008 የ28 በመቶ ጣሪያ ወጣ። አበዳሪዎቹ በወለዱ ላይ ክፍያ መጨመር በሚፈቅድ ሌላ ሕግ ሥር ፈቃድ አወጡና እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ቀዳዳው የተደፈነው በ2018 ነው። ለዚህ ነው ክፍያውን ሁሉ ከወለዱ ጋር የማይቆጥር ሕግ ግማሽ ሕግ ነው የምለው። ኢሊኖይ በ2021 ያወጣችው ሁሉንም ይደምራል፤ ከ36 በመቶ ካለፈ ውሉ ፈራሽ ነው። ኮሎራዶ በ2018፣ ነብራስካ በ2020 የ36 በመቶ ጣሪያን በሕዝብ ድምፅ አጸደቁ። ሁለቱም ጋ ከመራጩ ከሦስት አራተኛ በላይ ደግፎታል። ስለዚህ ድምፅ መስጠት የምትችሉ፣ ይህን ጉዳይ አትለፉት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ብድር ወስጄ የመጀመሪያውን ብዘጋስ?

መልስ፦ በፍጹም አታድርገው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቸገረው ሰው ከየት ያምጣ?

መልስ፦ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር) ሞክሩ። በፔይዴይ ብድር ምትክ የተዘጋጀ ብድር የሚሰጡ አሉ። እስከ 2,000 ዶላር ነው፤ ወለዱ ከ28 በመቶ አይበልጥም፤ የማመልከቻው ክፍያ ቢበዛ 20 ዶላር ነው። ዕቁብ ያላችሁ ደግሞ ለዳኛው ችግራችሁን ንገሩና ቅድሚያ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። የመብራትና የኪራይ ዕዳም ቀኑ ሳያልፍ ደውሎ ለጠየቀ ብዙ ጊዜ ይከፋፈላል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር መክፈል አቃተኝ። እየደወሉ «እናሳስርሻለን» ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የግል ብድር አለመክፈል ወንጀል አይደለም፤ በዚህ አያሳስሩሽም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን ችላ አትበዪ፣ ቅረቢ። ከአካውንትሽ በቀጥታ የሚወስዱ ከሆነ፣ ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብለሽ ክፍያው እንዲቆም ለባንክሽ አሳውቂ። በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውን ያዢ። ዕዳው ራሱ ግን በዚህ አይሰረዝም። ከዚያ አበዳሪው በስቴትሽ ፈቃድ እንዳለው የስቴቱን የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ጠይቂ። በኦንላይን የተበደርሽ ከሆነ ይህ የግድ ነው። በአንዳንድ ስቴቶች ያለ ፈቃድ የተሰጠ ብድር በሕግ አይጸናም። ዛቻውንም ቀንና ሰዓቱን መዝግበሽ ለስቴቱ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ቢሮ አመልክቺ።