አባ ኮዳን ቀድማችሁ ድረሱ

ልጆቼ፣

አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው። ወተት የመሰለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ ኤንፒኤች የምንለውን ኢንሱሊን፣ ለስንት ሰው እንደሰጠሁ አላውቅም። አንድ ቀን አንዲት እናት ብልቃጡን እያዩ "ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የነጣው?" አሉኝ። "የዓሣ ፕሮቲን ነው" ስላቸው ደነገጡ። "ታዲያ በጾም እንዴት ልወጋው?" ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና መርፌ ላይ አልደረሰም ብዬ አሳቅኳቸው።

ነገሩ ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ፍሬድሪክ ሚሸር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ከሳልሞን የወንድ ዘር አንድ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ፕሮታሚን አለው። በ1936 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ፕሮታሚንን ከኢንሱሊን ጋር አዋሐደው። ኢንሱሊኑ ከቆዳ ሥር ቆይቶ ቀስ እያለ ይለቀቅ ጀመር፤ በቀን ደጋግሞ ይወጋ ለነበረ ሰው መርፌው ቀነሰለት። ኤንፒኤች ውስጥ "ፒ" ፕሮታሚን፣ "ኤች" ሃገዶርን ናት። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም እንዳይረጋ ለሚሰጠው ሄፓሪንም ማርከሻው ይኸው ፕሮታሚን ነው። ዓሣ ሲታረድ ማን ዞር ብሎ ያየው ከነበረ ነገር!

ይህን ያነሳሁት ወጣቶች ቆዳን ስለሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ ስለ ኮላጅን፣ እየመጡ ስለሚጠይቁኝ ነው። "ጋሼ፣ ከዓሣ ቆዳ ኮላጅን ማውጣት አስበናል። ማሽኑ ስንት ነው?" ይላሉ። እኔ መልሼ "በረዶ አላችሁ?" እላለሁ። የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይገፈፋል፣ ሥጋው ይሸጣል፣ የቀረውን አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ከ400 ግራም አያልፍም። ሌላው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ ቅርፊትና አንጀት ነው። እኔም በወጣትነቴ ይህን አይቼ ጎመጀሁ። አንድ ፌስታል ቆዳ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሞጆ ሳንደርስ ሸተተ። የአገራችን ተሳፋሪ ያለ ጭቅጭቅ በአንድ ድምፅ መስኮት ሲከፍት ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ስደርስ በእጄ የነበረው ቆዳ ሳይሆን ዝቃጭ ነበር። ዓሣው ሲሞት በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ አያቆሙም፣ ባክቴሪያውም ይጨመርበታል። እኛ ላቦራቶሪ እስክንደርስ ማን ይጠብቀናል?

ሁለተኛ ጊዜ በረዶ ይዤ ሄድኩ። ቆዳው ደህና ደረሰ። ያኔ ደግሞ ትዕግሥት አጣሁና ምድጃ ላይ ጣድኩት። ያገኘሁት ሙጫ ነው። ኮላጅን ማለት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሦስት ክር ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይፈታል። የተፈታው ጄላቲን ይባላል። እሱም ለካፕሱልና ለከረሜላ ይሆናል፣ ግን እኔ የፈለግሁት እሱን አልነበረም።

ትክክለኛው መንገድ ቀዝቃዛና ዘገምተኛ ነው። ሁሉም ነገር 4 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ቆዳው ይከተፋል፣ ሌላው ፕሮቲን እንዲለቅ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይቀያየራል፣ ይታጠባል፤ ስቡም ይወገዳል። ከዚያ በቀጭኑ አሴቲክ አሲድ፣ በአቼቶው ዘመድ ማለቴ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በመጨረሻ ጨው ሲገባበት ኮላጅኑ ነጭ ሆኖ ይለያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰው ጠርቼ አሳይቻለሁ። ደግሞ ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ልጅ ስለሆነ ኮላጅኑ ጠንካራ ነው፤ የቀዝቃዛ ባሕሩ የኮድ ዓሣ ኮላጅን 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲፈታ የእሱ ከ30 በላይ ይችላል።

ብራዚል ፎርታሌዛ ውስጥ ሐኪሞች የዚሁኑ ዓሣ ቆዳ ለተቃጠለ ሰው ቁስል መሸፈኛ አድርገውታል። የእኛው የሐይቅ ቆሮሶ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ እንኳ ዓባይ አለበት። ሽፋኑ እንደ ተራ ፋሻ በየጊዜው አይቀየርም፤ ለታማሚው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን አደራ! ያ ቆዳ በመድኃኒት ታጥቦ፣ ግሊሰሮል ውስጥ ገብቶ፣ በጨረር ከጀርም ጸድቶ ነው። ከገበያ ገዝቶ መለጠፍ ጉድ ያመጣል። ያልተመረመረ ዱቄት አሽጎ "ለመገጣጠሚያ" ብሎ መሸጥም እንዲሁ፤ ዓሣ የማይስማማው ሰው እንዳለ አትርሱ።

እንግዲህ ማሽኑን ለጊዜው ተዉት። አንድ ሳምንት በማለዳ ሐይቁ ዳር ዋሉ። ቆዳው በቀን ስንት ኪሎ ነው፣ በስንት ሰዓት ይገፈፋል፣ የሚገፍፈው ልጅ ለብቻው እንዲያስቀምጥላችሁ ስንት ይጠይቃል፣ በረዶ ከየት ይገኛል? ይህን ጻፉና ኑ። የእኔ የበረዶ ሣጥን ክዳኑ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል፤ አውሳችኋለሁ።