ብዙ ተራኪ ያለውን ልብ ወለድ ለምትወዱ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሥራዬ ረቂቅ ማንበብና ማረም ነው፤ በዚህም አርጅቻለሁ። ከሚደርሱኝ ረቂቆች መካከል ዛሬም ልቤን ቀድሞ የሚወስደው ተረት ተረት የሚሸተው ልብ ወለድ ነው፦ ጫካ ገብታ የቀረች ልጅ፣ ሁሉም የሚያውቀው ማንም ግን የማያወራው ምስጢር፣ ይህንንም ሦስት አራት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲተርኩት። እናንተም እንደምትወዱት አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም መጻፍ ጀምራችኋል። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ተራኪው የሚዘልለውን እንድትከታተሉ ነው።

ተረት ባለቤቱ የማይታወቅ ድምፅ ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን» ሲባል «አንተ የት ሆነህ አየህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሆኖም ያ ድምፅም የሚደብቀው ነገር አለ። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፋቸው የመጀመሪያ እትም ስኖው ዋይት የተባለችውን የተረት ልጅ ልታስገድል የተነሣችው የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 እትም ግን እናትየዋ ገና ከመነሻው ትሞትና የእንጀራ እናት ትተካለች። ለመናገር የከበደው ነገር እንዲህ በጸጥታ ከታሪኩ ወጣ፤ አንባቢውም ሳያውቀው ቀረ።

ብዙ ተራኪ ያለው ልብ ወለድ ይህንኑ የመደበቅ ሥልጣን ስም፣ ፍርሃትና ፍቅር ላላቸው ሰዎች ያከፋፍላል። ጃፓናዊው ደራሲ ሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሰባት ሰዎች ስለ አንድ ሟች ይመሰክራሉ። ሽፍታው «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ የሟቹ ሚስትም «እኔ ነኝ» ትላለች፤ የሟቹ መንፈስ ደግሞ ራሱን እንደገደለ ይናገራል። ሰው ከጥፋት ለመሸሽ ይዋሻል ብለን ስናስብ እነዚህ ሦስቱ ጥፋቱን ይሻማሉ! ስለዚህ «የዋሸው ማን ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «እንዲህ ብሎ መናገሩ ምኑን ያድንለታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክብሩን ይሆናል፣ ወይም የሚወደውን ሰው።

መጽሐፉን ስትጨርሱ የአንዱን ተራኪ ምዕራፎች ብቻ ለይታችሁ ከመጀመሪያው ድገሙ። ስሙን ሊጠራው የማይፈልገው ሰውና ዘልሎት የሚያልፈው ሌሊት ያን ጊዜ ይታዩአችኋል። ለእኔ ከንባብ ደስታ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ለምትጽፉት ደግሞ፦ ከምዕራፉ አናት ላይ የተራኪውን ስም ሸፍናችሁ አንብቡ። የሚናገረው ማን እንደሆነ ካልለያችሁ፣ በእጃችሁ ያለው አራት ስም የወጣለት አንድ ተራኪ ነው። አስማቱንም «ለካ ሕልም ነበር» ብላችሁ አታፍርሱት፤ ብዙ መልካም ረቂቅ በዚህ ሲበላሽ አይቼ አዝኛለሁ። ጀማሪዎች የመጨረሻውን ምዕራፍ ሁሉን ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው ምስጢሩን በሙሉ ያስፈቱታል። እናንተ ግን አሁንም የሚሸሽገው ነገር ለቀረው ተራኪ ስጡት።