ሆስቲንግ ከቀየርን በኋላ ዳታቤዞቹን እናዋህዳቸው? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የተከፋፈለ ዳታቤዝ (የድረ-ገጹ መረጃ ማከማቻ) ይዛችሁ ሆስቲንግ (ድረ-ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ለቀየራችሁ ጥያቄያችሁን እመልሳለሁ። የማወራው ስለ ማይኤስኪውኤል (MySQL) የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ የድሮው ሆስቲንግ የመጠን ገደብ ስለነበረው የዜና ድረ-ገጻችንን ዳታቤዝ ሦስት ቦታ ከፍለነው ነበር። አዲሱ ጋ ሰፊ ቦታ አለ። አንድ ላድርጋቸው?

መልስ፦ ሦስቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ሥራ አለህ ወይ? አንባቢ የድሮውንም የዘንድሮውንም ዜና በአንድ ፍለጋ ማግኘት ካለበት ማዋሃዱ ያዋጣሃል። የድሮው ክፍል ማንም የማይነካው ማህደር ከሆነ ግን ባለበት ተወው። መከፈሉ ብቻውን ድረ-ገጽህን አያዘገየውም። ደግሞ ሦስቱም አንድ ሰርቨር ላይ ካሉና የዳታቤዙ ተጠቃሚ ለሦስቱም ፈቃድ ካለው፣ ከቴብሉ (መረጃው በረድፍ ከሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ስም በፊት የዳታቤዙን ስምና ነጥብ ጨምረህ በአንድ ትእዛዝ ከሁሉም ማንበብ ትችላለህ። መጀመሪያ እሱን ሞክር።

ጥያቄ፦ ሁለት የወርድፕረስ (የድረ-ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ዳታቤዝ አለኝ። አንዱን ኤክስፖርት አድርጌ ሌላው ላይ ብጭነውስ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ እንዳታደርጊው! የቴብሎቹ ስም አንድ ከሆነና ፋይሉ ውስጥ «ቴብሉ ካለ አጥፋው» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ የነበረው ጽሑፍሽ ሁሉ ይጠፋል። ትእዛዙ ባይኖርም አይዲዎቹ (የየጽሑፉ መለያ ቁጥሮች) ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ጋ ቁጥር 1 አለ። ጽሑፎቹን ወደ አንድ ድረ-ገጽ ማምጣት ከሆነ ሐሳብሽ፣ የወርድፕረስን የራሱን ኢምፖርት ተጠቀሚ። ቁጥር ሲጋጭ አዲስ ይሰጣል፤ አስተያየቶቹንም ከየጽሑፋቸው ጋር ያመጣል። ሁለት ድረ-ገጽ ሆነው አንድ ዳታቤዝ ይጋሩ ካልሽ ደግሞ የአንደኛውን ቴብሎች መነሻ ስም (በየቴብሉ ስም መጀመሪያ ላይ ያለውን፣ ለምሳሌ wp_) ቀይሪ። መነሻው በተጠቃሚዎች ፈቃድ ውስጥም ተጽፏል። እዚያም ካልቀየርሽው አድሚን ሆነሽ መግባት አትችዪም።

ጥያቄ፦ ከዝውውሩ በኋላ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብን።

መልስ፦ ይህ ሳይፈታ ማዋሃድ አይታሰብም። የአንዱን ጽሑፍ ባይቶች (ፊደሎቹ የተቀመጡባቸውን ቁጥሮች) በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት የቁጥር አጻጻፍ፣ እዩት። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ኢ1 (E1) ነው። እሱ ካለ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ችግሩ በድረ-ገጹና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነት ላይ ነው። 3ኤፍ (3F፣ የጥያቄ ምልክቱ ራሱ) ብቻ ከተደረደረ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። ከድሮው ሰርቨር እንደገና አውጡት።

ጥያቄ፦ የድሮውን ሆስቲንግ መቼ ልዝጋው?

መልስ፦ ባክአፑን (የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ) ኮምፒውተርህ ላይ አውርደህ፣ መልሰህ ጭነህ መሥራቱን ካየህ በኋላ። የረድፎቹንም ብዛት አመሳክር። ፒኤችፒ ማይአድሚን (የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ገጽ) ለኢኖዲቢ (አንድ የማይኤስኪውኤል ቴብል ዓይነት) ቴብሎች የሚያሳየው ቁጥር ግምት ሊሆን ስለሚችል በካውንት (COUNT) ትእዛዝ ቁጠረው።