ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል

ባለፈው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምትዘጋጅ የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ያነበብሁት ይገባኛል፤ ከምሳ በኋላ ግን አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ብመላለስበትም አልይዘውም፤ ጭንቅላቴ ደካማ ሆኖ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ወሩ ግንቦት ነው፤ የምታጠናውም ኮርኒስ በሌለው ባለ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ወዲያው አልመለስሁላትም፤ ጥያቄዋ በ1979 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወደ ነበርሁበት የፎገራ ሜዳ ወስዶኝ ነበር።

ያኔ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ክረምት ክረምት የሚተኛውን ውሃ ለማውጣት ለታሰበ የማፋሰሻ ቦይ የመሬቱን ከፍታ የምለካ የ24 ዓመት ቀያሽ ነበርሁ። ሜዳው እጅግ ልጥ ያለ ስለ ሆነ ቦዩ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ዝቅ የሚለው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከፍታ የሚነበብበትን ባለ ቁጥር በትር የሚያቆምልኝ በትር ያዡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ «ልጄ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ትበልና እንቀጥል» አለኝ። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር የበትሩን ቁጥሮች በመለኪያው መነጽር ውስጥ እንደሚያርገበግባቸው በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ በትሩን አቅርቤ ካስቆምሁት በቂ ነው ብዬ እምቢ አልሁት። የራሴ አእምሮም አብሮ ሊዝል እንደሚችል ግን አላሰብሁም። ላቤ በደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ 1.27 አነበብሁና 1.72 ብዬ ጻፍሁ። ሥራው ሲያልቅ ወደ መነሻው ምልክት ተመልሼ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ይገለጥ ነበር፤ ደክሞኝ ስለ ነበር ተውሁት።

ከዚያ ነጥብ ወዲያ ያለው መሬት በወረቀት ላይ በ45 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ፤ ቦዩም በዚያው ልክ ጥልቀቱ አንሶ ተቆፈረ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ወደ ወንዙ መውረዱን ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰና የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጤፍ ላይ ተኛ። ልጠይቃቸው ስሄድ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ነበር። እኚያ ሰው አልተቆጡኝም፤ ከቤት ጠላ አስመጥተው አጠጡኝ። በትር ያዡን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ልጠይቀው ባሰብሁ ጊዜ አርፎ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰውነታችን ውስጡን በ37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት በሙቀት ጊዜ ደምን ወደ ቆዳ ይገፋል፣ ያልባል፣ ውሃም ያጣል፤ ትኩረት የሚላላው ጥማቱ ገና ሳይሰማን ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቦስተን ከተማ በ44 ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በሙቀት ማዕበል ወቅት አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ያደሩት ጠዋት ሲነቁ ለቀረበላቸው ፈተና የሰጡት ምላሽ ማቀዝቀዣ ካላቸው ይልቅ የዘገየ ነበር። ስለዚህ ሌሊቱን በሙቀት ያደረ ሰው ጠዋቱንም ሙሉ አያገኘውም ማለት ነው። የምንኖርባት ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ቆላ አይደለችም እያልን ነገሩን እናቃልለዋለን፤ የሚያዝያን ቀትር በቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ግን ያውቀዋል።

የዛሬ ወጣቶች ጥቂት ሲሞቃችሁ መጽሐፉን አጥፋችሁ ስልካችሁን ማንሣታችሁ ያሳዝነኛል፤ ጽናት ጎድሏችኋል እላለሁ። ይሁንና እኔን ያሳሳተኝ ያው ጽናት ያልሁት ነገር ነው። ስለዚህ በቀትር ዕረፉ፤ ማረፍ የማይቻል ከሆነም የተሠራውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጡ እንጂ ቁጥርና አዲስ ትምህርት አትንኩ፤ በዚያ ሰዓት የጻፋችሁትንም በማግስቱ ጠዋት ደግማችሁ እዩ።

ጣና ደግሞ የራሱ ስጦታ አለው። የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚግልና በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከቀትር በኋላ ቀዝቀዝ ያለው አየር ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ በልጅነቴ ታንኳ ቀዛፊዎች የሚሄዱበትን ሰዓት ይህንኑ ነፋስ እያዩ ይመርጡ ነበር። ለጎረቤቴ ልጅ ጭንቅላቷ ደካማ እንዳልሆነ ነገርኋት፤ እናቷንም አስፈቅጄ፣ ወደ ሐይቁ የሚያየውን በረንዳዬን ፈተናው እስኪያልፍ ለቅቄላታለሁ። ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር።