የድሬ ሙቀት ለጫጩት ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ አጠገብ መልካ ጀብዱ ነው። ከቢሾፍቱ 100 የአንድ ቀን ጫጩት አስመጣሁ። ጧት ተጭነው እኔ ጋ የደረሱት ማታ ነው። ‹የድሬ ሙቀት ራሱ ያሳድጋቸዋል› ስላሉኝ አምፖል አልገዛሁም። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሰል አቀጣጥዬ በሩን ዘጋሁ። የምመግባቸው የስንዴ ክክና የለውዝ ፋጉሎ ነው። በ5 ቀን ውስጥ 37 ሞቱብኝ። አንዳንዱ ቂጡ በኩስ ተደፍኗል፣ አንዳንዱ እግሩ ወደ ጎን ተከፍቶ መቆም አቅቶታል፣ ሌሎቹን ጧት ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተው አገኘኋቸው። ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጬ ሰጠሁ፣ ለውጥ የለም። ለቀሩት 63ቱ ምን መድኃኒት ልግዛ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛምና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። 37 ጫጩት መቅበር ልብ ይሰብራል፤ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ለጊዜው ግን መድኃኒት አትግዢ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ቀድሞ የታየኝ ጥማት ነው፤ በሽታን የምጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጫጩት ከእንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ይስባል። ያ ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚያቆየው ነው ሰው ከቢሾፍቱ ድሬ ድረስ ጭኖ የሚያመጣው። አስኳሉ ግን ስንቅ ቢሆንም የሚሰጠው ውኃ ጥቂት ነው። በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ያለውን ቆላ በጠባብ ካርቶን ሲያቋርጡ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እርጥበት ይወጣቸዋል። ያንቺዎቹ ደግሞ የደረሱት ማታ ነው፤ አምፖል ስላልነበረ ሌሊቱን በጨለማ አሳልፈዋል። ጫጩት በጨለማ ውኃ ፈልጎ አይጠጣም። ስለዚህ ውኃው አጠገባቸው ቢኖርም እንኳ ከጉዞው ቀን ላይ አንድ ሙሉ ሌሊት በጥም ተጨምሮባቸዋል። ብዙዎቹ ያንን ሌሊት ተሻግረው ለመብላት አቅም አልነበራቸውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ይህን ብቻ ብታስተካክዪ እንኳ የሟቹ ቁጥር በጣም ይቀንስልሻል። ከመድረሳቸው በፊት ውኃው ይቀመጥ፤ በ1 ሊትር 50 ግራም ያህል ስኳር ይሟሟበት፤ ይህ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጫጩት አንሥተሽ ምንቃሩን ብቻ ውኃ አስነኪው። አንዱ ከጠጣ አጠገቡ ያለው አይቶ ይከተላል። መኖ የሚቀርበው ከጠጡ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ አንገታቸው ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት በጣትሽ ዳስሻት፦ ለስለስ ብላ ሞልታ ከሆነ በልቶም ጠጥቶም ነው፣ ጠጣር ከሆነች ውኃ አላገኘም፣ ባዶ ከሆነች ምንም አልቀመሰም። አንድ ነገር ደግሞ የድሬ ሰው ብቻ የሚያውቀው አለ፤ ቀትር ላይ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥላል። ጫጩት ትኩስ ውኃ አይጠጣም። ጧት ቀድተሽ በእንስራ አቆዪላቸው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ የመከሩሽ ሰዎች በቀኑ ብቻ ከሆነ አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ድሬ ቀን ላይ ይህን ትሰጣለች፤ እንዲያውም ቆርቆሮ ቤት ከ40 አልፎ ሊገድላቸው ይችላል። ሌሊት ግን ይወርዳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥማ ከ20 ዲግሪ በታች ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ላባ የለውም፤ የራሱን ሙቀት መጠበቅ የሚችለው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ነው። ቀን የሚነድ፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ቤት ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ጥግ ላይ ተደራርበው የሞቱት ሙቀት ፍለጋ አንዱ በሌላው ላይ ወጥተው የታፈኑ ናቸው።

ስለ ከሰሉ አጥብቄ ልናገር። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታም መልክም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያወጣል። የሚገድለው ጫጩት ብቻ አይደለም። ሌሊት ልታያቸው ስትገቢ አንቺም፣ እዚያ የሚተኛ ልጅ ካለም፣ አደጋ ላይ ናችሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቅር።

በምትኩ ለ63ቱ ካርቶን ቀጥለሽ ክብ አጥር ሥሪላቸው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። ክብ የሚሆነው የሚታፈኑበት ጥግ እንዳይኖር ነው። ከላይ አምፖል አንጠልጥዪ፤ ግን ስትገዢ ተጠንቀቂ፣ አሁን ሱቅ የሞላው ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። የድሮውን ዓይነት ባለ 100 ዋት ወይም ቀዩን የሙቀት አምፖል ጠይቂ። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ በግድግዳው ዙሪያ ጭድ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን ይዘጋጅ፤ ከላይ ጭድ የተሞላ የጆንያ ትራስ ይደረግበታል፣ አየር መግቢያ ቀዳዳም ይተውለታል። እሳት ሳይኖር የራሳቸው ሙቀት ያቆያቸዋል።

ቴርሞሜትር ካለሽ በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ዝቅ አድርገሽ ስቀዪው። ከሌለሽ እነሱን እዪ። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ጮክ ብለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ርቀው ክንፋቸውን ዘርግተው ምንቃራቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ አምፖሉን ከፍ አድርጊው፣ ቀትር ላይ አጥፊው፣ መስኮት ክፈቺ። ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ፈልጊ። ተበታትነው ገሚሱ ሲበላ ገሚሱ ሲተኛ ካየሽ ልክ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥተሽ እንድታያቸው እመክራለሁ፤ ብርዱ የሚጠናው ከዚያ እስከ ንጋት ነው።

እግራቸው የተከፈተው ጋዜጣው ስላንሸራተታቸው ነው። ጋዜጣውን አንሥተሽ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የተከታተፈ ጭድ 5 ሳንቲ ሜትር አንጥፊ፤ ዱቄት የሚያህል ሰጋቱራ ግን አይሁን፣ ይለቅሙታል። አሁን የተከፈተባቸውን ሁለቱን እግሮች በቁመናቸው ልክ አራርቀሽ በስስ ጨርቅ አላልተሽ እሰሪ፤ በጊዜ ከተያዘ በሁለት ሦስት ቀን የሚድን አለ።

ቂጡ የተደፈነውን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ አርሰሽ አለስልሺው፣ ከዚያ ጥረጊ። ደረቁን አትንቀዪ፣ ቆዳው አብሮ ይላጣል። ከቂጡ ዝቅ ብሎ ሆዱ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ቅርፊት ደግሞ እምብርቱ ናት፤ እሷን እንዳትነኪ።

ከሁሉም ያሳሰበኝ የለውዙ ፋጉሎ ነው። የባቢሌ ለውዝ ስሙ የተጠራ ነው፤ ነገር ግን ለውዝ በማሳም በጎተራም ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። መርዙ መጀመሪያ የታወቀው በፈረንጆቹ 1960 እንግሊዝ አገር ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ቱርክ ዶሮዎች በአስር ሺዎች ሲያልቁ ነው። ጉበት ይመታል፣ ለጋ እንስሳት ይብሱበታል፣ ብትቆዪውም ብትቀቅዪውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በዓይን ሻጋታ ባይታይም መርዙ ሊኖር ስለሚችል አሁኑኑ አቁሚው። የስንዴ ክክም ብቻውን አያሳድግም። የጫጩት መነሻ መኖ ግዢ፤ ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ የሆነ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜ የሚበሉት እፍኝ ነው።

ቴትራሳይክሊኑንም አቁሚ። ጥማትንና ብርድን አያድንም፤ ውኃውን ያመርራል፣ ለክፉ ቀን የሚያስፈልግሽንም መድኃኒት ያዳክማል። አሁን የሚያስፈልግሽ ፈንግል ለሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ የሚሰጠው ክትባት ነው። የመጀመሪያው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ጉምቦሮ ለሚባለው ለሌላው የዶሮ በሽታ የሚሰጠው ቀጥሎ ይመጣል። ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ግን ከበረዶ ወጥቶ በድሬ ፀሐይ አንድ ሰዓት ከቆየ ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ የቀበሌሽን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጧት ጥሪው፣ በረዶ የያዘ ሣጥን ይዞ ይምጣ። የሚከተቡት ግን ደኅናዎቹ ናቸው፤ የደከሙትን ለይተሽ አቆዪ።

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ የሞተውን ቁጥርና ሰዓቱን፣ ሌሊት ወይስ ቀትር መሆኑን፣ ጻፊልኝ። ሦስት ቀን ቆይቶ ሞቱ ካልቀነሰ ገና የሞቱ ሁለት ጫጩቶች በፌስታል ቋጥረሽ፣ ሳይበሰብሱ፣ ለዚያው ባለሙያ አሳዪ፤ ሆዳቸው ተከፍቶ ይታይ። መድኃኒቱን የምንነጋገረው ያኔ ነው።